ከሁሉ የበለጠው ትሪ

«የኻርቱሙ ሰውዬ ዛሬም ከመላእክት ጋር ነው የሚያፈጥረው?» አለ አንዱ ከበሩ ወዲያ፣ መንገዱ ላይ ከተነጠፈው ምንጣፍ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሲርኸቲም የሰማው የመጀመሪያዋን ቴምር ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል ነበር። ቴምሯን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጣት። ሳቁ የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ በአትባራ ሙቀት ጾሞ ውሎ ገና ጉሮሮውን ያረጠበ ሰው ለመሳቅ ብዙ ምክንያት አይፈልግም። ሲርኸቲምን ያቃጠለው ሌላ ነገር ነው። የእህቱ ባል አብዱልቀዩም እንደ ወትሮው እዚያው መካከላቸው ተቀምጧል ብሎ አስቧል፤ ግን «ተዉት» አላለም። ጆሮውን ወደ በሩ አድርጎ ጠበቀ፤ የአብዱልቀዩም ድምፅ አልመጣም። ሚስቱ አዋጢፍም ነገሩን ሰምታለች፤ ግን እንዳልሰማች ሆና ለልጆቹ መጠጥ ትቀዳ ነበር።

በዚያ መንገድ ላይ በረመዳን ወንድ ልጅ ቤቱ ውስጥ አያፈጥርም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዘንባባ ምንጣፎች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይነጠፋሉ፣ እያንዳንዱ ቤት ትሪውን ያወጣል፣ መኪና ካለፈም መንገዱ ተዘግቶበት ሹፌሩም ተሳፋሪውም በግድ ወርደው ይበላሉ። በሩን ዘግቶ የሚያፈጥር ሰው ወይ ታሟል ወይ ሰው ንቋል። ሲርኸቲም አልታመመም፤ ማንንም አልናቀም። ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ኻርቱም ውስጥ፣ በሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ የታወቀ አናጢ ነበር። የሙሽራ አልጋና ቁም ሣጥን የሚፈልግ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣ ነበር፤ በረመዳንም ሁለት ትሪ አስወጥቶ፣ መንገዱ መካከል ክንዱን ዘርግቶ ቆሞ አውቶቡስ የሚያስቆመው እሱ ራሱ ነበር። ወርክሾፑ ከተዘረፈ በኋላ በእህቱ በሲቲና ጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ከቤተሰቡ ጋር መኖር ከጀመረ ዓመት አልፎታል። የሚበሉት ከሲቲና ድስት ነው፤ አብዛኛውን ቀን ዐሲዳ፣ የማሽላ ገንፎ። ከዚያ ድስት የወጣ ትሪ ተሸክሞ መንገድ መውጣት ለእሱ የአብዱልቀዩምን ምግብ መልሶ ለአብዱልቀዩም ማቅረብ ነበር። ባዶ እጅ መውጣት ደግሞ በእሱ ቤት ልመና ነው። ስለዚህ ረመዳን ከገባ ጀምሮ በሩን ዘጋ። መጀመሪያ ላይ እያንኳኩ ይጠሩት ነበር፤ «አላህ ይስጥልን፣ ጀምረናል» ይላቸዋል። ኋላ ማንኳኳቱም ቀረ።

በነጋታው ጠዋት ሳቁ ከጆሮው ሳይወጣ ወደ ሥራ ሄደ። ሥራ ማለት አንድ የጨርቅ ነጋዴ ቤት ባለ ሁለት ተከፋች በር መግጠም ነው። አትባራ ከመጣ ወዲህ የተሰበረ ወንበርና የወላለቀ መስኮት ከመጠገን በስተቀር ይህ ነው የሚባል ሥራ አልደረሰውም፤ ይህ በር የመጀመሪያው ነው። ሳንቃው ደረቅ፣ ማጠፊያው ዝገት የበላው ነበር፤ እሱ ግን ለሙሽራ እንደሚሠራ ሁሉ ጠርዙን በእጁ እየዳሰሰ አለሰለሰው። ነጋዴው በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ድምፅ አያሰማም። «አንተ ሰው፣ እስከ ዛሬ የት ተደብቀህ ነው?» አለው፤ ሒሳቡንም ያለ ክርክር ከፈለው። ሲርኸቲም ገንዘቡን ጀለቢያው ኪስ ውስጥ ከትቶ ሲወጣ ትከሻው ቀለለው። ከዓመት በላይ በእጁ ይዞት የማያውቀውን ያህል የራሱን ገንዘብ ይዟል።

ገንዘቡ ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቃል። የሲቲና ቤት የፀሐይ መብራት ባትሪ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ የከተማው መብራትም ሲጠፋ ቀናት ይቆያል፤ ውኃ መሳቢያው ስለማይሠራ ሴቶቹ ከጋሪ ውኃ እየገዙ በጄሪካን ያመላልሳሉ። አዋጢፍም «መጀመሪያ የምታገኘው ለባትሪው ነው» ብላው፣ እሱም እሺ ብሏት ነበር። ወደ ባትሪ ሻጩ የሚወስደው መንገድ ግን በሥጋ ቤቶቹ በኩል ያልፋል። አንዱ ሥጋ ቤት ደጃፍ ሙሉ የበግ እግር ተሰቅሎ አየ። ቆመ። ዋጋውን ሲሰማ ሳቅ መጣበት፤ በበሕሪ ዘመን በዚህ ገንዘብ ማገሩ የጠበቀ አልጋ ሠርቶ ይሸጥ ነበር። «ቁረጥልኝ» አለ። «ጎድኑንም ጨምርበት።» ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን እየሳለ «ድግስ አለህ መሰለኝ» ሲለው «አለኝ» አለ ሲርኸቲም፤ እውነቱንም ነበር። ዛሬ ማታ ከሰው ጋር እንደ ሰው ከተቀመጠ አትባራን አገሬ ብሎ ሊኖርባት ነው። ካልሆነለት ግን እንደ ሌሎቹ ቤተሰቡን በጭነት መኪና አሳፍሮ በበረሃው በኩል ወደ ግብፅ ሊሄድ በልቡ ቆርጧል። አዋጢፍ ይህን ሐሳብ እንደ በሽታ ትፈራዋለች፤ ልጆቹ ገና ትምህርት መጀመራቸው ነው።

«ይሄ ምንድነው?» አለችው ላስቲኩን ስትከፍት።

«በግ ነው። መልኩን ረሳሽው እንዴ?»

«ባትሪውስ?»

«ባትሪ ትሪ ላይ አይቀርብም።»

አዋጢፍ ቶቧን ትከሻዋ ላይ መልሳ ጠቅልላ ቁጭ አለች። ስትናደድ አትጮኽም፤ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «ገንዘቡን ሲቲና እጅ ላይ ብታስቀምጥላት ኖሮ እኮ ዛሬ በዚህ ግቢ ቀና ብዬ እሄድ ነበር። እኔ ነኝ ከእሷ ጋር አንድ ማድቤት የምውለው። አንተማ ጠዋት ወጥተህ ማታ ነው የምትመጣው።»

«ዛሬ ካልወጣሁ መቼም አልወጣም፣ አዋጢፍ።»

«ትናንትስ ብትወጣ ማን ከለከለህ? ዐሲዳ ይዘህ ብትወጣ ይገድልሃል?»

ትልቁን ትሪ ሊፈልግ ወጣ። እሷም ተነሥታ ሥጋውን ማጠብ ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ሲቲና ማድቤት ገባች። ከወንድሟ በዕድሜ ትበልጣለች፤ በልጅነቱ ያዘለችው እሷ ናት። ድስቱን አየች፣ ሥጋውን አየች፣ የተሰቀለውን ባዶ ጄሪካን አየች። ጨው አንሥታ ወጣች። አዋጢፍ አሁን ተቆጥታ ትመለሳለች ብላ ስትጠብቅ ሲቲና ከቤቷ ሩዝ በሰፌድ ይዛ ተመለሰች። «በግ ያለ ሩዝ አይሆንም» አለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው እስከ ከሰዓት በኋላ ሲሠሩ ከ«አቀብዪኝ» እና ከ«በቃው» በስተቀር አልተነጋገሩም። የሥጋው ሽታ ግቢውን ሞልቶ አጥሩን ተሻገረ። ልጆቹ አንድ ነገር እየፈለጉ በማድቤቱ በር መመላለስ አበዙ።

አብዱልቀዩም ከአመሻሹ የዐስር ሶላት ሲመለስ ሽታውን ከመንገድ ነው ያገኘው። የባቡር ሠራተኛ የነበረ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሲርኸቲም ጓሮ ትልቁን ትሪ በአሸዋ እየፈተገ አገኘው። አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ትንሽ ጊዜ ትሪውን አየው።

«ሲርኸቲም ወንድሜ፣ እንኳን ሥራው ቀናህ። ምናለ ሥጋውን ለሌሊቱ ሱሁር ብናቆየው? ዛሬ ከኛ ጋር ዐሲዳ ይዘን እንውጣ። መውጣትህ ይበቃናል።»

ሲርኸቲም መፈተጉን አቆመ። ከትናንት ጀምሮ ሲብላላ የነበረው ነገር ፊቱ ላይ ወጣ። «የኔ ትሪ አሳፈረህ?»

«ኧረ ምን ያሳፍረኛል!»

«እንግዲያው ተወኝ። ዓመት ሙሉ ያንተን በልቻለሁ። ዛሬ አንድ ቀን አንተ የኔን ብላ።»

አብዱልቀዩም አፉን ሊከፍት ብሎ ተወው። ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፣ የጀለቢያውን አቧራ አራገፈ፣ «እሺ፣ አላህ ይጨምርልህ» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ሲርኸቲም ከኋላው እያየ፣ እንዲህ ደግ የሚመስል ሰው ሌላው ከእሱ በልጦ ሲታይ ግን አይወድም ብሎ አሰበ። ይህን በማሰቡ ወዲያው ቅር አለው፤ ሐሳቡን ግን አልመለሰውም።

ፀሐይዋ ከከተማው ሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ወዲያ ስትወርድ ትሪውን ተሸክሞ ወጣ። የበጉ እግር እንዳለ ሩዙ ላይ ተጋድሟል፤ ዙሪያውን ጎድኖቹ ተደርድረዋል፤ በላዩ የሲቲና ባለ ቀለም የስፌት ክዳን አለ። በሩን አልፎ ሲታይ ምንጣፉ ላይ የነበሩት ሁሉ ተነሡ። «ሲርኸቲም! አህለን! እንኳን ታየህ!» እያሉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ የመስጊዱ ሽማግሌ ሐጅ ባቢክር ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት። ማንም ትናንት የት ነበርክ አላለውም። ሲርኸቲም የሰዎቹን ፊት እያየ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ፈርቼ ነው አለ በልቡ። ሐጅ ባቢክር ክዳኑን ሲያነሡ ቀና ብለው አብዱልቀዩምን አዩት። ከዚያ «ማሻአላህ» አሉ፤ ሌሎቹም ተከትለው «ማሻአላህ» አሉ።

ሲቀመጥ ዙሪያውን ቃኘ። ከምንጣፉ ጫፍ እስከ ጫፍ የተደረደረው ትሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ መካከሉ ላይ ነጭ ዐሲዳ፣ ዙሪያውን የደረቀ ባሚያ ወጥ፣ ትንሽ ቴምር። የሐጅ ባቢክርም እንዲሁ። የዳቦ መጋገሪያው ባለቤትም እንዲሁ። አትባራም እንዲህ ተቸገረች ማለት ነው ብሎ አዘነ፤ ከሐዘኑም ጋር ደረቱ ትንሽ ነፋ አለ። ከእሱ ቀጥሎ የተቀመጠው ከጀኔይና ተፈናቅሎ የመጣው አስተማሪ አባከር ነው። ከመንገዱ ወዲያ ባለው ተጀምሮ በቀረ ቤት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ትሪው ትንሽ የቆርቆሮ ትሪ ናት፤ ዐሲዳው ግን ከሁሉም ይልቅ ለስልሶ፣ ጫፉ በማንኪያ ተስሎ፣ አምሮ ወጥቷል። አባከር ትሪዋን በሁለት ጣቱ እየገፋ ወደ ምንጣፉ መካከል ያስጠጋት ነበር።

አዛን ሲቃረብ አንድ የጭነት መኪና ከወንዙ በኩል መጣ። ሲርኸቲም ማንም ሳያዘው ተነሥቶ መንገዱ መካከል ክንዱን ዘርግቶ ቆመ። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፣ ሳቀ፣ ወረደ። ረዳቱም፣ ጭነቱ ላይ የነበሩት መንገደኞችም ወረዱ። «ወደዚህ፣ ወደዚህ!» እያለ ሁሉንም ወደ ራሱ ትሪ ወሰዳቸው። አዛን ተባለ። ቴምር ቀመሱ፣ ውኃ ጠጡ። እየተጣራ የሚያበላ ሰው እንቢ አይባልምና የሰፈሩ ሰዎችም እየተነሡ ወደ እሱ ዘንድ መጡ፣ ተጠጋግተው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ሰደዱ። ሲርኸቲም ራሱ ብዙ አልበላም፤ ሥጋውን እየቦጨቀ ለዚህም ለዚያም ፊት ያኖራል። ደስታው አሁንም አሁንም «ብሉ እንጂ» ያሰኘዋል። አባከር ብቻ ፊቱን ወደ ትንሿ ትሪ አድርጎ ሲጠብቅ አየውና ትልቅ ቁራጭ ቦጭቆ እጁ ላይ አኖረለት።

«ብላ እንጂ፣ አስተማሪው! ዐሲዳው የት ይሄድብሃል? ነገም እሱው ነው!»

ሹፌሩ ሳቀ። የሰፈሩ ሰዎች አልሳቁም፤ ሲርኸቲም ይህን ልብ አላለም። አባከር ፈገግ ብሎ «አላህ ይባርክልህ» አለ፤ ቁራጩንም ቀስ ብሎ በላው።

መግሪብን እዚያው ሰግደው ምንጣፉ መነሣት ሲጀምር ሰው ሁሉ የየራሱን ትሪ አነሣ። የሲርኸቲም ትሪ ላይ አጥንት ብቻ ቀርቷል። አባከር ያልተነካውን ዐሲዳውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ሁሉንም «በሰላም» እያለ ተሰናብቶ መንገዱን ተሻገረ። ሲርኸቲምና አብዱልቀዩም የምንጣፉን ሁለት ጫፍ ይዘው ይጠቀልሉ ጀመር።

«ወደዱት፣ አይደል?» አለ ሲርኸቲም።

«ወደዱት።»

«እኔ የገረመኝ፣ ሁሉም ዐሲዳ ብቻ ማውጣቱ ነው። ሐጅ ባቢክር እንኳ! ልጃቸው ሪያድ አይደለም እንዴ ያለው?»

አብዱልቀዩም የያዘውን ጫፍ መሬት አስቀመጠ። «ሪያድ ነው። የበግ እግር በየቀኑ ማውጣት አያቅታቸውም» አለ። ከዚያ ሊናገር ያልፈለገውን ነገር ወደ መሬቱ እያየ ተናገረ። «ረመዳን ሊገባ ሲል ተማክረን ነው። ዘንድሮ በየግቢው የተፈናቀለ እንግዳ አለ። አንዱ ሥጋ ሲያወጣ ሌላው በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ሁሉም ቤት ዐሲዳ ብቻ ያውጣ፣ ማንም ከማንም እንዳይለይ ተባባልን። ለእንግዶቹ አልነገርናቸውም። ምን ብለን እንነግራቸዋለን?»

«ማነው ይህን ያመጣው?»

«እኔ ነኝ። ከባቡር ሥራ ያባረሩኝ ጊዜ ያን ረመዳን እኔም አልወጣሁም። ሰው ኩሩ ነው ይለኝ ነበር። ያኔ ማንም እንዲህ አላደረገልኝም፤ ለኔ ካልሆነ ለሌላው ይሁን ብዬ ነው።»

ሲርኸቲም ምንጣፉን እንደያዘ ቀረ። «እና ለምን አልነገርከኝም? ዛሬ ጓሮ ቁጭ ብለህ ሳለ?»

«ላንተ ብለን ነው ብዬህ ብትወጣ፣ ምኑን ወጣህ? ዛሬ ግን መናገር ነበረብኝ። ይኸው እኔም አጠፋሁ።»

«ትናንትስ ሲስቁብኝ...»

«ትናንት ምንጣፉ ላይ አልነበርኩም። አባከር በር ላይ ቆሜ እየለመንኩት ነበር። እሱም እንዳንተ ነበር፤ ትናንት ማታ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ያለኝ። ዛሬ የመጀመሪያ ትሪው ነች።»

ሲርኸቲም ለአባከር የተናገረው ቃል አሁን ገና ከራሱ አፍ የወጣ ያህል ጆሮው ላይ ጮኸ። አንድ ዓመት ሙሉ የእህቱን ዐሲዳ ሲውጥ እያንዳንዱ ሰው ምን ይለኛል እያለ ኖሯል፤ ሰው ሲያጣ ምን እንደሚያመው ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ያለ አይመስለውም ነበር። አውቆ ምን አደረገ? ትሪ ባገኘ በመጀመሪያው ቀን አጠገቡ ያለውን ሰው መታበት። ከምንም ይልቅ ያፈረው በደስታው ነው። አብዱልቀዩም ግን በደረሰበት ነገር ሰው ሆኖበታል፤ እሱ በደረሰበት ነገር ቂም ብቻ ነው ያተረፈው። ምንጣፉን ለአብዱልቀዩም ሰጥቶ መንገዱን ተሻገረ።

ተጀምሮ የቀረው ቤት በር የለውም፤ የጆንያ መጋረጃ ነው። ሳያንኳኳ ድምፁን አሰማ። አባከር መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ከውስጥ የልጆች ድምፅ ይሰማል።

«ሲርኸቲም ወንድሜ! ግባ እንጂ፣ ደጅ ቆመህ!»

«አልገባም፣ አላስቸግርህም። ስለዚያ ንግግሬ ነው የመጣሁት። ስለ ዐሲዳው። ደስ ብሎኝ ነው፣ ምን እንደምናገር አላወቅኩም።»

«ምን ተናገርክ? ክብር ነው የሰጠኸን። ዐሲዳውን ልጆቹ በሉት፤ አንድ እፍኝ አልተጣለም።»

«ነገ ካንተ ትሪ ነው የማፈጥረው። እምላለሁ። እኔ ምንም አላወጣም፤ ካንተ ጋር ነው የምቀመጠው።»

አባከር ፊቱ በደስታ ፈካ። ወዲያው ግን ሐሳብ ገባው። መጋረጃውን መለስ አድርጎ ዘግቶ ጠጋ አለ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የናንተን ገበያ ገና አልለመድኩትም። ከባለቤቴ ጋር አሁን ስንነጋገርበት ነበር። እንዲያው ግማሽ ኪሎ ሥጋ ብል ይሸጡልኛል? ወይስ ይስቁብኛል?»

«አባከር፣ በአላህ! እንዳታደርገው።»

«ለምን? አንተስ አድርገኸው የለም እንዴ?»

ይህን ያለው ለነቀፋ አልነበረም። የአገሩን ወግ ለማወቅ የፈለገ እንግዳ እንደሚጠይቅ ነበር የጠየቀው፤ መልሱንም ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠብቃል። ሲርኸቲም ሁሉንም ሊነግረው አፉን ከፈተ። ሐጅ ባቢክርም ዳቦ ጋጋሪውም ሥጋ እያላቸው ነው ዐሲዳ የሚያወጡት ሊለው ነበር። ይህን ካለው ግን ለማን ብለው እንደሆነ መንገር ነው፤ ሰውየውም ከነገ ጀምሮ ያችን ትንሽ ትሪ ይዞ አይወጣም። አብዱልቀዩም ጓሮ ቁጢጥ ብሎ ሳለ ለምን እንደዚያ ዝም እንዳለ አሁን ገባው።

«ይሸጡልሃል» አለ ሲርኸቲም። «ሩብም ቢሆን ይሸጡልሃል።»